አንድ ሚሊ ሊትር እፎይታ

አምፑሏ ከብርጭቆ የተሠራች ናት፤ ቁመቷ ከሌባ ጣት አይበልጥም። በውስጧ ያለው ፈሳሽ ቢያዩት ውሃ ነው፦ ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። በአንድ ሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ግራም ሞርፊን። ተቆልፎባት ትቀመጣለች፤ በልዩ ማዘዣ ትወጣለች፤ በመዝገብ ይፈረምባታል።

የጭን አጥንቱ ተሰብሮ ከዓባይ በረሃ አቀበቱን በቃሬዛ ወደ መካነ ሰላም የወጣ ሰው ይታሰበን። መርፌው ገብቶ ጥቂት ደቂቃ ሲያልፍ የግንባሩ ሽብሽብ ይላላል፤ ትንፋሹ ይረዝማል፤ አስታማሚዎቹ «ተመስገን፣ እፎይ አለ» ይባባላሉ። ዓይን የሚያየው እስከዚህ ድረስ ነው።

ሞርፊን ግን ነርቭ ላይ ብቻ አያበቃም። የነጭ የደም ሕዋሳትንም ሥራ ይነካል። ተህዋስን የሚውጡት ይዘገያሉ፤ በቫይረስ የተያዘውን ሕዋስ የሚገድሉት ይደክማሉ። በወሎ ቦረና ደጋ ገብስ ሲያሽት ጭላዳ የሚጠብቀውን ልጅ እንቅልፍ ሸለብ እንደሚያደርገው ነው፦ ልጁ ከማማው አልወረደም፣ ወንጭፉም ከእጁ አልወደቀም። ሩማንያዊው ሐኪም ካንታኩዚኖ ኦፒየም ይህን የሕዋሳቱን የመዋጥ ኃይል እንደሚያዳክም በእንስሳት ላይ ያሳየው ከዓድዋ ድል ሁለት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1898 ነበር። በሞርፊን አንጀትም ይሰንፋል፤ የሆድ ድርቀቱን ታማሚው ራሱ ይናገራል።

ታዲያ ሞርፊኑ ይቅር ይባል? ሕመሙም እኮ ዝም ብሎ አይቀመጥም። እንቅልፍ ይነሳል፤ የጭንቀት ሆርሞኖችን ያንራል፤ እነርሱም በተራቸው መከላከያውን ያዳክማሉ። ጎድኑ የተሰበረ ሰው ሕመሙን ፈርቶ ካልሳለ አክታው ሳንባው ውስጥ ይቀራል፣ የሳንባ ምችም ይከተላል። እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ አበባ ላይ የተመሠረተው ሆስፒስ ኢትዮጵያ በሚያስታምማቸው፣ መዳን በራቃቸው ሕሙማን ዘንድ ደግሞ ሚዛኑ ወዴት እንደሚያደላ ለእኔ ግልጽ ነው።

ከሁሉ የሚደንቀው ከዚህ በታች ያለው ነው። ተህዋስን ሊዋጋ ወደ ቁስል የሚተመው ነጭ ሕዋስ ራሱ ቤታ ኢንዶርፊን ይሠራል፤ ይህም ሞርፊን በሚያርፍበት ተቀባይ ላይ የሚያርፍ፣ የሰውነት የራሱ ማስታገሻ ነው። ሕዋሱ ቁስሉ ዘንድ ሲደርስ ያፈሰዋል፤ የነርቭ ጫፎችም ይቀበሉታል። የሚዋጋውና የሚያባብለው አንድ ሕዋስ ነው። እሾህ በወጋው የእረኛ እግር ላይም ይኸው ይሆናል፤ ማዘዣ አይጠየቅበትም። የሕዋሱ ማስታገሻ እቁስሉ አጠገብ ፈስሶ እዚያው ይሰባበራል፤ የአምፑሏ ግን በደም ተጭኖ አካልን ሁሉ ያዳርሳል።