በሠርጉ ክብ ዳር

በፍኖተ ሰላምም ሆነ በቡሬ ያደጋችሁ ይህን ታውቁታላችሁ። የጎረቤት ልጅ ይዳራል፤ ዳሱ ተጥሏል፤ ከበሮው ይመታል። ሰዉ ክብ ሠርቶ ያጨበጭባል፤ ሁለት ሁለት ሆነው መሐል እየገቡ እስክስታ ይወርዳሉ። የወንጌል አማኙ ልጅ ግን እጁን አጣምሮ ዳር ቆሟል። ሲጠሩት “እኔ አልዘፍንም” ይላል። ትክክል ነው?

መልሳችን ብዙውን ጊዜ ገላትያ 5፥21 ነው፤ ዘፋኝነት ከሥጋ ሥራዎች ጋር ተቆጥሯልና። በግሪኩ እዚያ ያለው ቃል ግን ኮሞስ ነው፤ ጠጥቶ በሌሊት እየጮኹ በየመንገዱ መዞርን፣ ልክ ያጣ ፈንጠዝያን ያመለክታል። በዚያው በ1954ቱ ትርጉም የሙሴ እኅት ማርያም ባሕሩን ተሻግራ ከበሮ ስታነሣ ሴቶቹ የተከተሏት በዘፈን ነው። ዳዊት በታቦቱ ፊት ያደረገውም ዘፈን ተብሏል። በወርቁ ጥጃ ፊት የነበረውም እንዲሁ። ባሕሩን የተሻገረውና ጥጃውን የሠራው ያው ሕዝብ ነው፤ መካከሉ ላይ የቆመው ነገር ግን ተለውጧል። (እኛስ በአምልኮ ትከሻችንን ስናንቀሳቅስ “ሽብሸባ” ብለን ስሙን ለውጠን የለ?)

ስለዚህ ትከሻውን ትተን አፉን እንመልከት። በጭፈራ አንዱ ግጥሙን ያወጣል፤ ሌላው ይቀበላል። መቀበል ቀላል ነገር አይደለም። ብቻችንን የማንደፍረውን ቃል በብዙ ሰው ድምፅ ውስጥ ተደብቀን እንለዋለን። ሙሽራዪቱ ስትመረቅ መቀበል “አሜን” ከማለት ብዙም አይርቅም። ሽለላው ሰው መግደልን ሲያሞግስ፣ ወይም ግጥሙ አንዲትን ሴት ሲያዋርድ ግን ማጨብጨብም መስማማት ነው።

ዳር መቆምስ? ሜልኮል በመስኮት ሆና ዳዊትን ስታይ በልቧ ናቀችው። ጎረቤቶቻችን በዳር ቋሚው ልጅ ፊት ላይ ቅድስና ያያሉ ወይስ ንቀት? በደቦ አጨዳ አብሯቸው ያዜመ ልጅ በሠርጋቸው ቀን ዝም ቢላቸው ቅር ይላቸዋል፤ አይፈረድባቸውም።

እኔ ምርቃቱ ላይ ግቡ፣ አጨብጭቡ፤ ጠላው ሲበዛና ግጥሙ ሲበላሽ ሙሽሮቹን ተሰናብታችሁ ውጡ እላለሁ። ከሽማግሌዎቻችን በዚህ የማይስማሙ አሉ፤ ምክንያታቸውም የሚናቅ አይደለም። ከስካር የወጣ ሰው ያ ከበሮ ወዴት እንደሚወስደው ያውቃል። እንዲህ ያለ ወንድም አብሯችሁ ከመጣ፣ ያን ቀን ከእሱ ጋር ዳር ቁሙ፤ ምክንያቱንም ለሙሽራው እናት ቀደም ብላችሁ ንገሯቸው።