ወረፋ በሌለበት ማን ማንን ይቀድማል?

«የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለውን ተረት አብዛኛውን ጊዜ የምናነሳው ለቁጭት ነው። እኔ ግን ሰሞኑን እንደ ጥያቄ እሰማው ጀምሬአለሁ። ልጁ የተጠማው ውሃው ስለራቀው አይደለም። ታዲያ የጎደለው ምንድን ነው? ለወንዝ መቅረብስ በወንዙ ላይ መብት ይሰጣል እንዴ?

ጥያቄውን ያመጣብኝ ውሃ ሳይሆን ኢንተርኔት ነው። ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚወስደው አስፋልት 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ስትሄዱ ሐይቅ ከተማን ታገኛላችሁ። የቤተሰቦቼ ቤት ከአስፋልቱ 200 ሜትር አይርቅም። በመንገዱ ዳር የፋይበር ኬብል ተቀብሮ ያልፋል፤ ከእኛ ወረድ ብለው ያሉ ቢሮዎችም በፋይበር ይሠራሉ። ሶፍትዌር እየጻፍኩ የምኖር ሰው ስለሆንኩ አስተማማኝ መስመር ለእኔ እንጀራ ነው። ስለዚህ አመለከትኩ። መጀመሪያ «ፖርት የለም» ተባልኩ። ቀጥሎ «ጥናት ላይ ነው»። ከዚያ «ስልክህን ተው፣ እንደውላለን»። ይኸው ዓመት አለፈ፤ አልተደወለም። የሥራ ማስረከቢያ ቀን ሲደርስ ላፕቶፔን ይዤ በሚኒባስ ደሴ እወጣለሁ።

እስከዚህ ያለው ታሪክ አዲስ አይደለም። ብዙዎቻችሁ የራሳችሁን ልትነግሩኝ ትችላላችሁ። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ከዚያ ቀጥሎ የመጣው ነው። ግን አስቀድመን ለቴክኒኩ ሚዛናዊ እንሁን።

በመንገድ ዳር የሚያልፈው ኬብል ከተማን ከከተማ የሚያገናኝ ዋና መስመር ነው። እንደ ውሃ ቧንቧ መሃሉን በስቶ መቅዳት አይቻልም። በክሩ ውስጥ የሚሄደው ብርሃን የሚወርደው በጣቢያዎች ብቻ ነው። ወደ ቤት የሚመጣው ሌላ ኔትወርክ ነው፦ ከጣቢያው መሣሪያ አንድ ክር ይወጣል፣ ስፕሊተር የምትባል ትንሽ ዕቃ ብርሃኑን ለ32 ወይም ለ64 ታካፍላለች፣ ከእሷ ደግሞ ቀጭን ኬብል በምሰሶ ተስቦ ቤት ይገባል። ለ32 የተካፈለ ብርሃን እያንዳንዱ ቤት ሲደርስ ከመጀመሪያው አንድ ሠላሳ ሁለተኛውን እንኳ አይሞላም። ከመጠን በላይ ቢከፋፈል ራውተሩ አጠገብ ያለው መሣሪያ ማንበብ ያቅተዋል። ስለዚህ «ፖርት የለም» የሚለው መልስ ሰበብ ብቻ ላይሆን ይችላል። ብርሃንም ሲካፈል ያልቃል። 200 ሜትር ለዓይን ቅርብ ነው፤ ለኔትወርኩ ግን ቅርበት የሚለካው ከአስፋልቱ ሳይሆን ክፍት ቦታ ካላት ስፕሊተር ነው።

አሁን ወደ ጉዳዩ። አብሮኝ የተማረ፣ በኬብል ሥራ ላይ ያለ ልጅ ነገሩን ሰማ። «አብሽር፣ አንድ ፖርት አላጣልህም» አለኝ። ብር አልጠየቀኝም። ወሎ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ነገር በብር አይመነዘርም፤ ወዳጅነት ነው። እናቴ ስትሰማ ደስ አላት። «ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው ልጄ፣ ሰው ካለህ ምን ነውር አለው?» አለችኝ።

እኔ ግን አመነታሁ። ለልጁም «የሰው ወረፋ መቅደም አይሆንም?» አልኩት። የመለሰልኝ መልስ ከዚያ ወዲህ ከጭንቅላቴ አልወጣም። «የማንን ወረፋ? ዝርዝር የለም። ማንን እንደቀደምክ ስሙን አምጣና እተወዋለሁ» አለኝ።

ስም ማምጣት አልቻልኩም። በእርግጥም ዝርዝር የለም። ያመለከተ ሰው ስልኩ ወረቀት ላይ ይጻፋል፣ ወረቀቱ የሆነ ቦታ ይቀመጣል፣ በቃ። ወረፋ በሌለበት ወረፋ መቅደም የሚባል ነገር አለ? ዳቦ ቤት ተሰልፈን አንዱ ከፊታችን ቢገባ ሁላችንም እንጮሃለን፤ የተበደለው ሰው ከኋላው ቆሞ ይታያል። እዚህ ግን የሚጮህ የለም፤ የተበደለው ሰው መበደሉን ራሱ አያውቅም።

ለራሴ መከራከሪያ ፈልጌ ነበር። የመጀመሪያው ቅርበት ነው፦ «እኔ እኮ አስፋልቱ ዳር ነኝ፣ የሚገባኝ ለእኔ ነው።» ይህ ክርክር ብዙም አይራመድም። ፈላስፋው ፒተር ሲንገር በ1972 እ.ኤ.አ. ባወጣው ታዋቂ ጽሑፍ፣ የሚቸገር ሰው ከእኛ መራቁ እሱን የመርዳት ግዴታችንን አይቀንስም ብሎ ነበር። ርቀት ዕዳን ካልቀነሰ ቅርበትም መብትን አይጨምርም። ስሙን ከቅኝቱ የምታውቁት አምባሰል ላይ፣ ከውጫሌ ሽቅብ ተራራው ላይ የምትኖር የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ኢንተርኔት የሚያስፈልጋት ከእኔ ባነሰ አይደለም። ቅርበቴ የሚቀንሰው የኬብሉን ወጪ ነው። ወጪ ማነሱ እኔን ቀድሞ ለማገናኘት ጥሩ ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ ግን የሒሳብ ምክንያት እንጂ መብት አይደለም።

ሁለተኛው መከራከሪያ የእናቴ ነው፦ ሰው ለሰው። ይህን በቀላሉ አልጥለውም። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ሐይቅና ውጫሌን ባዳረሰበት ጊዜ ሰውን ከሰው ያቆየው ወረፋ አልነበረም፣ ጉርብትና ነበር። ያለው ለሌለው ያካፈለው ቅጽ ተሞልቶ አይደለም። ነገር ግን ጎረቤቴ ከራሱ ጎተራ እህል ሲሰጠኝ የሚሰጠኝ የራሱን ነው። ጓደኛዬ የሚሰጠኝ ፖርት ግን የእሱ አይደለም። የራስን መስጠት ቸርነት ነው። የጋራን ለወዳጅ መስጠት መልኩ ቸርነት ይመስላል እንጂ ከፋዩ ሌላ ሰው ነው።

ሦስተኛውን ያገኘሁት ከራሴ ሙያ ነው። ብዙ ፕሮግራሞች አንድ ውስን ነገር ሲሻሙ፣ ተራ የሚያስይዝ አሠራር ከሌለ ፈጣኑ ወይም ቅድሚያ ያለው ሁልጊዜ ያሸንፋል። አንዱ ምስኪን ፕሮግራም ይጠብቃል፣ ይጠብቃል፣ ተራው አይደርሰውም። ሲስተሙ አልተበላሸም፤ ሥራው ይሄዳል፤ ኤረር አይመጣም። እኛ ይህን «ስታርቬሽን» እንለዋለን፤ ረሃብ ማለት ነው። የሚራበው ነገሩ ጠፍቶ ሳይሆን ሁልጊዜ ከፊቱ የሚገባ ስላለ ነው።

ይህን ቃል ወሎ ተቀምጦ ዝም ብሎ ማለፍ ይከብዳል። አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ስለ ድህነትና ረሃብ ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ በ1965 ዓ.ም. ግድም የደረሰውን የወሎን ረሃብ መርምሯል። በዚያ ጊዜ በአገር ደረጃ የምግብ ምርት ያን ያህል አልወደቀም ይላል። እንዲያውም ከወሎ እህል ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ ይወጣ እንደነበር ይጠቅሳል። የተራበው ሕዝብ ወደ አስፋልቱ ወጥቶ ይለምን ነበር። እህል በመንገድ ያልፋል፣ ሰው በመንገድ ዳር ይራባል። ሴን የደረሰበት መደምደሚያ ረሃብ ማለት ምግብ አለመኖር ብቻ ሳይሆን ሰው በምግቡ ላይ የሚያቀርበው የይገባኛል መብት ማጣቱ ነው የሚል ነው። የኢንተርኔትን ችግር ከዚያ መከራ ጋር እኩል አላደርግም፤ ማንም እንዲያደርግ አልፈልግም። ግን የነገሩ አሠራር በአንድ በኩል ይመሳሰላል። የዓባይ ልጅ የጎደለው ውሃ አይደለም። «ይገባኛል» ብሎ ሲጠይቅ የመመለስ ግዴታ ያለበት አካል ነው የጎደለው።

እዚህ ላይ «ይቻላል» እና «ይገባል» የሚሉትን ቃላት እንለያቸው። ለዚህ ከሐይቅ ብዙ መራቅ አያስፈልግም። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ውጫሌ ላይ የተፈረመው ውል 17ኛ አንቀጹ በአማርኛው ምኒልክ ከውጭ መንግሥታት ጋር ሲገናኙ በኢጣሊያ በኩል ማድረግ ይቻላቸዋል ይል ነበር፤ የጣሊያንኛው ግን ግዴታ አደረገው። በሁለቱ ቃላት መካከል ያለው ልዩነት ከሌሎች ምክንያቶች ጋር ተደምሮ እስከ ዓድዋ ወሰደን። የእኛ የዛሬ ችግር የዚያ ግልባጭ ነው። ማስታወቂያው «ፋይበር ማስገባት ይቻላል» ሲል እኛ «ይገባናል» ብለን እንሰማለን። ቢሮ ስንሄድ የተጻፈው «ይቻላል» ብቻ መሆኑን እንረዳለን። «ይቻላል» ባለበት ቦታ ደግሞ የሚቻለው ሰው ላለው ነው።

ሌላ ቦታ አንዱን ወደ ሌላው ለመቀየር ሞክረዋል። ፊንላንድ ከሐምሌ 2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የ1 ሜጋ ቢት መስመር ማግኘትን የእያንዳንዱ ዜጋ ሕጋዊ መብት አድርጋለች። ብሪታንያ ከመጋቢት 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዜጋው ቢያንስ 10 ሜጋ ቢት እንዲገባለት መጠየቅ እንዲችል ደነገገች። የማገናኛው ወጪ እስከ 3,400 ፓውንድ ከሆነ ደንበኛው አይጠየቅም፤ ከዚያ ካለፈ ትርፉን ራሱ መክፈል ይችላል። እኔን የሳበኝ የፍጥነቱ መጠን አይደለም፣ ፍጥነቱ ለሁለቱም አገሮች ትንሽ ነው። የሳበኝ ቁጥር መቀመጡ ነው። ተራራ ላይ ያለ ገበሬ «አይሆንም» ቢባል እንኳ ለምን እንዳልሆነና ስንት ቢከፍል እንደሚሆን ያውቃል። እኛም በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1148 የኮሙኒኬሽን ዘርፉን የሚቆጣጠር ባለሥልጣን አቋቁመናል። መሠረቱ አለ፤ ሰፈር ድረስ የሚወርድ ቁጥር ነው የቀረው።

«ጤና ጣቢያና ትምህርት ቤት ሳይጠገን ስለ ፋይበር?» የሚል ይኖራል። ልክ ነው፣ ጤና ጣቢያው ይቅደም። እኔ የምለውም ይኸው ነው፤ ማን ለምን እንደቀደመ ይጻፍ። ደግሞ ፋይበር ቅንጦት ብቻ አይደለም። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተቋርጦ ነበር። በአንዳንድ ከተሞች ገመድ የገባለት ቤት ከዓለም ጋር ሲገናኝ ገመድ የሌለው ጎረቤቱ አልተገናኘም። አንዲት ፖርት ማለት የዚያን ጊዜ የሥራ ማመልከቻ ነበረች፣ ውጭ አገር ካለ ልጅ ጋር መነጋገር ነበረች። እንዲህ ያለ ነገር በጓደኝነት ሲታደል «ምን አለበት» ማለት ይከብዳል።

ለጓደኛዬ «አመሰግናለሁ፣ ይቅርብኝ» አልኩት። ትንሽ ተቀየመኝ፤ አይፈረድበትም። ያቆመኝ ጽድቅ አይደለም፤ ሒሳቡ ነው። ፖርቷን ብወስድ ነገ የሚመጣው ሰው «ፖርት የለም» ይባላል፤ መልሱን እውነት ያደረግኩት እኔ እሆናለሁ። የምቀድመው ሰው ስም የለውም። ስም ያጣው ግን ማንም ስላልጻፈው እንጂ ስለሌለ አይደለም። ምናልባት ሁለት ቤት አልፎ ያለው ልብስ ሰፊ ነው፣ ምናልባት የዚያች ተማሪ አክስት ናት።

እንግዲያው ስሙን እኛ እንጻፈው አልን። የሰፈር ሰው ሰብስበን ማን መቼ እንዳመለከተ በቀን ቅደም ተከተል መዘገብን፤ 23 ቤት ሆነ። እኔ ዘጠነኛ ነኝ። ዝርዝሩን ወስደን ስንሰጥ የተቀበለን ሠራተኛ አገላብጦ አየውና «ይህ ሕጋዊ ወረፋ አይደለም» አለን። እውነቱን ነው። ከዚያች ቀን ጀምሮ ግን «ማንን ቀደምክ?» የሚል ጥያቄ ቢነሳ፣ ሰፈራችን ውስጥ ስም ጠርቶ መመለስ ይቻላል። እናቴ አሁንም ሞኝ ናችሁ ትለናለች። ግን ዝርዝሩ ላይ ስሟን በትክክል መጻፋችንን ሁለት ጊዜ አረጋግጣለች።

የሚገባን ምንድን ነው ብትሉኝ፣ ፋይበር ነው አልልም። ፋይበሩ ዘንድሮ ላይደርስ ይችላል፤ ስፕሊተሯ ሞልታ፣ በጀት አልቆ፣ ከእኛ የባሰበት ሰፈር ቀድሞን። ይህን መቀበል እችላለሁ። የሚገባን እውነተኛው ምክንያት፣ የተጻፈ ተራ እና ተራው የሚደርስበት ግምታዊ ቀን ነው። ሦስቱም የመስታወት ክር አያስፈልጋቸውም፤ ወረቀትና እስክሪብቶ ይበቃቸዋል። እነሱ እስኪመጡ ድረስ እያንዳንዳችን «ሰው አለኝ» የምንልባት ቀን ስትደርስ፣ ከፊታችን የቆመውን የማይታይ ሰው ስም ለማግኘት ቢያንስ እንሞክር።