እምቢ የሚል ዘንግ

ስሕተት መሥራት የማይችል ሰው በጎ ሰው ሊባል ይገባዋልን? ጥያቄው ጥንታዊ ነው፤ ፈላስፎችም የሃይማኖት ሊቃውንትም ተከራክረውበታል። እኔ ግን የምነሣው ከአንድ የብረት ሥራ ነው፤ ይኸውም የባቡር ምልክት ቤት፣ በውስጡ የሚተከለው የዘንጎች መደዳና የዚሁ መደዳ አነስተኛ ሞዴል ነው።

የምልክት ቤት ገበሬው ከሰብሉ ዝንጀሮና ወፍ ለመከላከል የሚያቆመውን ማማ ይመስላል፤ ከመሬት ከፍ ያለና በመስኮት የተከበበ ክፍል ነው። በውስጡ ረጃጅም የብረት ዘንጎች ተደርድረዋል። አንዱ ሲሳብ ርቆ የሚገኘው ሐዲድ አቅጣጫውን ይለውጣል፤ ሌላው ሲሳብ ለባቡሩ «እለፍ» የሚል ምልክት ይሰጣል። በእንግሊዝ ልማድ የቁም ምልክቱ ዘንግ ቀይ፣ የሐዲድ መቀያየሪያው ጥቁር፣ ሥራ ያልተሰጠው ደግሞ ነጭ ይቀባል። ሠራተኛውም የእጁ ላብ የተወለወለውን ብረት እንዳያዝገው በጨርቅ ይዞ ይስበዋል።

ቁም ነገሩ ያለው ግን ከወለሉ በታች ነው። ጆን ሳክስቢ የተባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1856 የፈጠራ መብት ካገኘበት ጊዜ ወዲህ እየተሻሻለ በመጣው ዘዴ፣ ዘንጎቹ እርስ በርሳቸው ይቆላለፋሉ። ከየዘንጉ ጋር ጥርስ የወጣለት ጠፍጣፋ ብረት ተያይዟል፤ በአግድም የሚንሸራተት ሌላ ቁራጭ ብረት ከዚያ ጥርስ ይገባል፣ ይወጣል። ሐዲዱ በትክክል ካልተቀየረ የ«እለፍ» ዘንግ ንቅንቅ አይልም። ሁለት ባቡሮችን በአንድ መስመር ላይ የሚያጋጩ ሁለት ምልክቶችም ባንድ ጊዜ ሊሰጡ አይችሉም። ሠራተኛው ቢደክም፣ ቢቸኩል፣ አለቃው ቢጮኽበትም ዘንጉ እምቢ ይላል። ዘዴው በዚያ አገር ለመንገደኛ መስመሮች በሕግ የተደነገገው ግን እ.ኤ.አ. በ1889 በአየርላንድ አርማ ከተማ አቅራቢያ በደረሰ የባቡር ግጭት፣ ብዙ ሕፃናት ጭምር 80 ሰዎች ካለቁ በኋላ ነበር። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው ምክር ለባቡር ኩባንያዎችም ዘግይቶ ደረሳቸው።

እንግዲህ ቁልፉ ስሕተትን ከከለከለ ለሕሊና ምን ሥራ ቀረለት? ሠራተኛው የመሣሪያው ቅጥያ ሆኖ ቀረ የሚሉ አሉ። ይህ አነጋገር ግማሽ እውነት ብቻ አለው። ሕሊና ቦታ ለወጠ እንጂ አልጠፋም። ምልክት ሰጪው በሌሊት ከመፍረዱ አስቀድሞ፣ ጥርሱን በሞረድ ያወጣው ባለሙያ በቀን ፈርዷል። ማንም የማያየውን ብረት አሳስቶ የሞረደ ሰው፣ ከዓመታት በኋላ ለማያውቀው መንገደኛ ዕዳ አለበት።

ሞዴሉ ጥያቄውን ያጠብቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1912 በማንቸስተር ምልክት ሰጪዎችን ለማስተማር የተሠራ ሞዴል ባቡር ነበር፤ የእርሱ ጥቅም አያከራክርም። ነገር ግን አንድ ሰው ለራሱ ደስታ ከነባሩ 87 ጊዜ ያነሰ የምልክት ቤት ቢሠራስ? በዚህ መጠን 174 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም ሰው 2 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ይቆማል። ሠሪው መቆላለፊያውን ቢተወው ዘንጎቹ እንዲያውም ይበልጥ ይቀልላሉ። ማንም አይሞትም፤ ከወለሉ በታች ጎንበስ ብሎ የሚያይም የለም። ታዲያ ለምን ይሞርዳል?

ነገሩን ወደ አሰላ ላምጣው። የአርሲ ደጋ ሐዲድ አልተዘረጋበትም። እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ መስመር ከደጋው በስተሰሜን ባለው የአዋሽ ሸለቆ ሲያልፍ፣ የአሰላ ሰው ባቡር ለማየት 75 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ አዳማ መውረድ ነበረበት። በገጠራችን ዘንድማ ባቡር ማለት የእህል ወፍጮ ነበር! በአሰላ አንድ የእጅ ሥራ መምህር ተማሪዎቹን ይዞ የምልክት ቤት ሞዴል ልሥራ ቢል፣ «ነሐስና ጊዜ ለመጫወቻ?» የሚል ተቃውሞ ይገጥመዋል። ተቃውሞው ክብደት አለው። በዚያችው ከተማ እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን ርዳታ የተቋቋመውና በካዱ ስም የሚታወቀው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት የተሻሻሉ ማረሻዎችንና ጋሪዎችን ይሞክር ነበር። የሙከራ ማረሻ አፈሩ ይፈርድበታል፤ በሞዴሉ ላይ ማን ይፈርዳል?

ፈራጁ የሥራው ስም ነው እላለሁ። ሕፃን ከጭቃ የሠራው በሬ ባያርስ ውሸታም አይባልም፤ የበሬ መልክ ነኝ አለ እንጂ አርሳለሁ አላለምና። የምልክት ቤትን በሸራ ላይ የሣለ ሠዓሊም ቁልፉን ቢተው አልዋሸም። የዘንጎች መደዳ ነኝ ያለ ሥራ ግን ይዘቱ እምቢታ ነው። ሐዲዱ ሳይቀየር «እለፍ» ካለ፣ ቅርፁ ቢያምርም በሐሰት ስም ቆሟል። ትንሽነቱ አያድነውም፤ እጅ በትንሹ የለመደውን በትልቁ አይረሳም።

ለቁልፉም ውዳሴ እንዳላበዛ፣ ጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ የደረሰውን ማስታወስ ግድ ይላል። ባቡሩ ጠመዝማዛውን ከሚገባው በላይ በሆነ ፍጥነት ሲያልፍ ፉርጎዎች ወደ ገደል ወርደው በመቶ የሚቆጠሩ ወገኖቻችን አልቀዋል። የነሐስ ጥርስ ፍጥነትን አያውቅም። ቁልፍ እምቢ የሚለው ሠሪው አስቀድሞ ያሰበውን ክፉ ነገር ብቻ ነው።

ስለዚህ መምህሩ ሥራውን በሞረድ ባይጀምር ይሻላል። አስቀድሞ ተማሪዎቹ ለእያንዳንዱ ዘንግ ምን ሊቀድመው እንደሚገባ፣ ምንንስ ሊከለክል እንደሚገባ በሠንጠረዥ ይጻፉ፤ ይከራከሩበትም። ሁለት ባቡሮች ለሚተላለፉባት አንዲት ትንሽ ጣቢያ እንኳ ክርክሩ ከአንድ ክፍለ ጊዜ የሚያልፍ ይመስለኛል። መጋዙና ሞረዱ ከዚያ በኋላ ይውጡ። ሥራው ሲያልቅ ከክፍሉ ጉልበተኛ የሆነው ተማሪ ይጠራና የተከለከለውን ዘንግ በሙሉ ኃይሉ ይሳበው። ዘንጉ ከተነቃነቀ መደዳው ይፈታል፤ ሠንጠረዡም ጥርሱም እንደገና ይታያሉ።