ወፏ በባዶ ሆዷ ስትወጣ

 

የዛሬው ጽሑፌ ስለ ወፍ ነው። ስለ ወፍ ስል "በቃ ተወኩል ሊያወራ ነው" የምትሉ አላችሁ፤ አልተሳሳታችሁም። ግን አንድ ነገር ልመን። ያንን ሐዲስ ከመድረሳ ጀምሮ ስሰማው፣ እኔም ለሌላው ስናገረው ኖሬ፣ ቁጭ ብዬ ወፍ ያየሁበት ቀን ግን አልነበረም።

ሐዲሱ ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) ያስተላለፉት፣ ቲርሚዚ የዘገቡት ነው። መልእክቱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ በአላህ ላይ የሚገባውን ያህል ብንመካ፣ ጠዋት በባዶ ሆዷ ወጥታ ማታ ጠግባ እንደምትገባው ወፍ እኛም ሪዝቃችን ይደርሰን ነበር የሚል ነው።

የካቲት 2016 ላይ አንድ ጓደኛዬ በዚህ ሐዲስ አፌን አዘጋኝ። ቡታጅራ አብረን ያደግን፣ አብረን የቀራን ልጅ ነው። በየመን በኩል ሳዑዲ ለመሄድ ወስኖ ነበር። ደላላው ተገኝቷል፤ እናቱ ላማቸውን ሸጠው ግማሹ ብር ተከፍሏል። እኔም እንደ አዋቂ ሆኜ "በረሃ አለ፣ ባሕር አለ፣ ከባሕሩ ማዶ ጦርነት አለ" አልኩት። "ወፍ ፓስፖርት አላት? በባዶ ሆዷ ወጥታ ጠግባ ትገባ የለ! አንተ ነህ ተወኩል ያነሰህ" አለኝ። ምን ልበለው? ሐዲሱን ያስተማርኩትም እኔ ነበርኩ።

በዚያው ሳምንት፣ ወፍ ለማየት የሚመጡ እንግዶችን የሚመሩ አንድ የማውቃቸው ሰው ለአንድ ቀን ዕቃ የሚይዙላቸው ሁለት ልጆች ፈለጉ። የቀን አበል አለው። "ና፣ ከመቀመጥ ይሻላል" ብዬ ጓደኛዬን ይዤው ሄድኩ። የሄድነው ጥያ ነው።

ጥያ ከቡታጅራ ወደ አዲስ አበባ ሲኬድ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። የምትታወቀው በትክል ድንጋዮቿ ነው፤ 36ቱ ድንጋዮች በ1980 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆነው ተመዝግበዋል። እኛ በሚኒባስ ስንት ጊዜ አልፈንባት አንድም ቀን ወርደን አናውቅም። የአገራችን ሰው እንዲህ ነው፤ እንግዳ ከባሕር ማዶ አቋርጦ የሚመጣበትን ቦታ እኛ በመስኮት አይተን እናልፈዋለን።

ሱብሒ ሰግደን ወጥተን በማለዳ ደረስን። ከድንጋዮቹ በአንዱ አናት ላይ ከጭብጥ የማትበልጥ ወፍ ቆማ ጭራዋን ትነቀንቃለች። ሰውየው በባይኖኩላር አሳዩንና "ይቺ እንግዳ ናት። ክረምቱን ሸሽታ ከሰሜን ነው የመጣችው፤ በቅርቡ ትመለሳለች" አሉን። ያቺ ሚጢጢ ፍጥረት ሰሃራን አቋርጣ! ሱብሐነላህ። ትንንሾቹ ወፎች ከጉዞ በፊት ለሳምንታት ይበላሉ፤ አንዳንዶቹ በረሃውን ከማቋረጣቸው በፊት የሰውነታቸው ክብደት ወደ እጥፍ ይጠጋል። የምትጓዘው በባዶ ሆዷ ሊሆን ይችላል፤ የምትነሳው ግን ስንቋን በገላዋ ይዛ ነው።

የቀኑ ነገር ግን ሌላ ነበር። ከድንጋዮቹ ማዶ በታጨደ ማሳ ላይ ሰባት የሚሆኑ ትልልቅ ቡናማ ንስሮች መሬት ላይ ተቀምጠዋል። የስቴፕ ንስር ይባላሉ። የሚራቡት በሩሲያ፣ በካዛኪስታንና በመካከለኛው እስያ ሰፋፊ ሜዳዎች ላይ ነው፤ ብርዱ ሲመጣ ብዙዎቹ ወደ እኛ ይወርዳሉ፤ ከጥር መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ወደ ሰሜን ይመለሳሉ። እንግዶቹ ካሜራቸውን ደግነው ጠበቁ። እኛም ጠበቅን። ግማሽ ሰዓት፣ አንድ ሰዓት። ንስሮቹ ንቅንቅ አይሉም።

ጓደኛዬ ተሰላቸ። "ታመዋል እንዴ? መንገደኛ ከሆኑ ለምን አይሄዱም?" አለ።

"ፀሐይ እየጠበቁ ነው" አሉ ሰውየው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትልቅ ወፍ ያን ሁሉ ሺህ ኪሎ ሜትር ክንፉን እያርገበገበ ሊሄድ አይችልም፤ ጉልበቱ ያልቃል። ስለዚህ መሬቱ በፀሐይ እስኪሞቅና ሙቁ አየር ወደ ላይ እስኪነሳ ይጠብቃል። በዚያ አየር ውስጥ ክንፉን ዘርግቶ እየዞረ ይወጣል፤ ከፍ ካለ በኋላ ወደሚሄድበት ይንሸራተታል። ከዚያ ሌላ ሙቅ አየር ይፈልጋል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል ሲሆን አንደኛው ተነሳ። ሌላው ተከተለው። ክንፋቸውን ሳያርገበግቡ እየዞሩ ወጡ፤ ነጥብ እስኪያክሉ ድረስ። ሱረቱል ሙልክ ላይ አላህ ከበላያችን ስላሉት ወፎች ሲናገር፣ በሰማይ የሚይዛቸው አር-ራሕማን መሆኑን ከመንገሩ በፊት እንደማያዩ ሰዎች ይጠይቀናል። እኔ ያን ቀን ነው ያየሁት።

ሰውየው ያሉት ቀጥሎ ያለውን ነው ጓደኛዬን ዝም ያሰኘው። ባሕር ላይ እንዲህ ያለ ሙቅ አየር እንደ መሬቱ አይነሳም። ስለዚህ እነዚህ ወፎች ሰፊ ባሕር ይሸሻሉ። ሽመላዎች ከአፍሪካ ወደ አውሮፓ ሲመለሱ ሜዲትራኒያንን ከመሃል አያቋርጡም፤ በሲና በረሃና በቱርክ ዙረው፣ ወይም በምዕራብ በኩል በጂብራልታር ጠባብ መሻገሪያ ነው የሚሄዱት። ንስሮቹም በመጸው ወራት ሲመጡ ቀይ ባሕርን የሚሻገሩት በባብ ኤል መንደብ ነው፤ ባሕሩ ጠቦ ወደ 30 ኪሎ ሜትር በሚሆንበት። በ1987 እ.ኤ.አ. መጸው ጅቡቲ ላይ ቆመው የቆጠሩ ሰዎች ከ240,000 በላይ አዳኝ ወፎች ሲሻገሩ ቆጥረዋል፤ ከእነዚህ ውስጥ ከ76,000 በላይ የስቴፕ ንስር ነበሩ። ሲመለሱ ግን ብዙዎቹ በዚያ በር አይደለም የሚሄዱት። በሱዳንና በግብፅ ሽቅብ ወጥተው በሱዌዝና በሲና በኩል በየብስ ይዞራሉ። መንገዱ ይረዝማል። ግን ከእግራቸው ሥር መሬት አለ።

ባብ ኤል መንደብ ሲባል ጓደኛዬ ቀና አለ። ደላላው የነገረውም በዚያው አካባቢ መሻገርን ነበርና።

እኔ እንግዲህ ደስ አለኝ። መልሴን አገኘሁ ብዬ አሰብኩ። "አየህ? ወፏ ያለ ሰበብ አልተመካችም። ትጠብቃለች፣ ትዞራለች፣ ጠባቡን ትመርጣለች። ሐዲሱ ላይም 'ወጣች' ነው የተባለው እንጂ 'ራሷን ወረወረች' አልተባለም" አልኩት። ቀጠልኩም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ወደ መዲና ሲሰደዱ መዲና በሰሜን ሆና ሳለ መጀመሪያ ወደ ደቡብ፣ ወደ ሰውር ዋሻ ነው የሄዱት፤ ሦስት ሌሊት ጠብቀዋል፤ መንገድ የሚያውቅ መሪም ቀጥረዋል። ሶሓቦች በ615 እ.ኤ.አ. ገደማ ይህንኑ ባሕር ተሻግረው ወደ ሐበሻ ሲመጡም የት እንደሚሄዱ፣ ማን እንደሚቀበላቸው ተነግሯቸው ነበር፤ ሰው የማይበደልበት ንጉሥ ዘንድ። አንተን ማነው የሚቀበልህ?

ጓደኛዬ ሰምቶኝ ሲያበቃ እንዲህ አለኝ፤ "ወፏ የምትዞርበት መንገድ አላት። እኔን ማነው በሱዌዝ የሚያዞረኝ? ሕጋዊው መንገድ በብዛት የሚፈልገው ሴቶችን ነው። እኔ እዚህ መሬት ላይ ተቀምጬ ፀሐይ ስጠብቅ አራት ዓመት ሆነኝ።"

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ይህን ቀላል መልስ አድርጋችሁ እንዳታዩት። እኔ እስከ ዛሬ እየመለስኩት ነው።

ከሰዓት በፊት አስጎብኚው በድንጋዮቹ መካከል አዞረን። በሰይፍ ቅርጽ የተቀረጹ ድንጋዮች አሉ፤ የመቃብር ምልክት ናቸው። በቁፋሮ ከተገኙት ብዙዎቹ ከ18 እስከ 30 ዓመት የሆኑ ወጣቶች እንደነበሩ ነገረን። እኔ 23፣ ጓደኛዬ 24። ማናችንም ምንም አላልንም።

በኋላ ስለ ወፍ ማንበብ ጀመርኩ፤ አንድ ታሪክም ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። በ1822 እ.ኤ.አ. ጀርመን ውስጥ፣ ክሉትስ በሚባል መንደር አካባቢ አንድ ሽመላ ተገደለ። አንገቱን የወጋ ረጅም ጦር እንደተሰካበት ነበር፤ ጦሩም የአፍሪካ ነው። እስከዚያ ዘመን አውሮፓ ውስጥ ወፎች በብርድ ወራት የት እንደሚሄዱ አጥብቆ የሚያውቅ አልነበረም፤ ጭቃ ውስጥ ይደበቃሉ የሚል ነበር፤ ጨረቃ ላይ ይሄዳሉ ያለም ነበር። ያ ሽመላ ተወግቶ አገሩ ደረሰና ጉዳዩን ገለጠው። ዛሬም በሮስቶክ ዩኒቨርሲቲ ይታያል።

ሰው በዚህ ታሪክ የሽመላውን ጽናት ያደንቃል። እኔ የማስበው ግን ጦር ተሰክቶባቸው በመንገድ ስለቀሩት ነው። እነሱን ማንም አላየም፤ ሙዚየምም የላቸውም። የእኛም ሰፈር እንዲሁ ነው። ሳዑዲ ደርሶ ለወላጆቹ ቆርቆሮ ቤት የሠራውን ሁሉም ያየዋል፤ ቤቱ መንገድ ዳር ነው። ባሕር ውስጥ የቀረው ግን የለፎቶ ለቅሶ ነው። ሐምሌ 2017 ላይ በየመን አብያን ግዛት ባሕር ዳርቻ ከ150 በላይ ሰዎች የጫነች ጀልባ ስትገለበጥ፣ አብዛኞቹ የእኛው ልጆች ነበሩ። በወቅቱ የወጣ ዘገባ ራሱ 68 ሞቱ፣ ሌሎች ብዙዎች ጠፉ የሚል ነበር። በገዛ እጅ ወደ ጥፋት ከመወርወር የሚከለክለውን የሱረቱል በቀራ አያ ያኔ ብዙ ሰው ለጠፈው። እኔም ለጥፌዋለሁ።

ግን አያውን ለጥፌ ስተኛ አንድ ነገር ይቆጠቁጠኝ ጀመር። "ግመልህን እሰርና ተመካ" የሚለውን ሐዲስ ለስንት ሰው ነግሬያለሁ። ጓደኛዬንም ነግሬዋለሁ። ገመዱን ግን ማን ይስጠው? ያን የካቲት ጓደኛዬ ሞተር ሳይክል ለመግዛት የጎደለውን ብር እንድናበድረው ጠይቆን ነበር፤ አምስት ሆነን ብናዋጣ የማይከብድ ብር። እኔ የሰጠሁት ምክር ነው። ምክሩ ትክክል ነበር፤ ዛሬም ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። ትክክለኛ ምክር ሰጥቶ እጅን ኪስ ውስጥ መክተት ግን ከአላህ ፊት ምን ተብሎ እንደሚጻፍ አላውቅም። የሽመላ ጫጩት እንኳ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰደድ ብዙ ጊዜ በመንጋ ነው የሚሄደው፤ ብቻውን ሲቀር አቅጣጫ ሊስት ይችላል። እኛ መንገዱን እናውቃለን የምንለው ስንዘገይ፣ ደላላው ቀድሞ መሪ ይሆናል።

ጓደኛዬ ግንቦት 2016 ሄደ። አራት ወር ድምፁ ጠፋ። እናቱ ስልካቸውን በጉያቸው ይዘው ነበር የሚሰግዱት። መስከረም ላይ ደወለ። ደርሷል፤ አልሐምዱሊላህ። አብረው ከወጡት አራት ልጆች ግን ሁለቱ አልደረሱም።

ባለፈው ጥር ከሪያድ ወጣ ካለ ቦታ የድምፅ መልእክት ላከልኝ። የሚሠራው ፍየል እርባታ ነው። በአጠገቡ የቆሻሻ መጣያ አለ፤ "እነዚያ የጥያ ንስሮች እዚህ በመቶዎች ተቀምጠዋል፤ ጠዋት ጠዋት እንደዚያው ፀሐይ ይጠብቃሉ" ብሎ ይስቃል። ሰውየውን ብጠይቃቸው እውነት ነው አሉኝ፤ ከእስያ ከሚወርዱት ብዙዎቹ አፍሪካ ሳይደርሱ እዚያው ዐረቢያ ይከርማሉ። ከመልእክቱ መጨረሻ ላይ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሌላ ነገር ተናገረ። ታናሽ ወንድሙ 19 ዓመቱ ነው፤ እሱም ደላላ እያነጋገረ ነው። "እኔ ደርሼ እሱን 'አትምጣ' ብለው አይሰማኝም። አንተ ጥያ ውሰደው" አለኝ።

ረመዳን ሳይገባ ነገ ቅዳሜ ልንሄድ ነው። ባይኖኩላሩን ሰውየው ያውሱናል። ከአራት ጓደኞቻችን ጋር ደግሞ ዕቁብ ጀምረናል፤ የመጀመሪያው ዕጣ ለልጁ እንዲሆን ተስማምተናል፤ ቆጥረን ስናየው ለሞተሩ ትንሽ ይጎድለዋል። የቀረውን ከአጎቴ ልለምን ነው። ንስሮቹ እንደሆኑ አንዳንዶቹ እስከ መጋቢት መግቢያ ድረስ አሉ ተብያለሁ።