ሳይበጠስ

ዓርብ ነው፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። አፉላ፣ ጊቭዓት ሃሞሬ ላይ፣ ከምንኖርበት ሕንፃ ሥር ባለው የመኪና ማቆሚያ፣ የመኪናዬ ሞተር ሆዱ ተከፍቷል። የቀኝ የፊት ጎማ ወልቋል። ከዘይት ቋቱ ሥር ጣውላ ጣል አድርጌ ክሪክ አስደግፌዋለሁ። ከላይ የካምሻፍቱ ጥርስ ላይ፣ ከታች የክራንክሻፍቱ ጥርስ ላይ፣ ከትንሹ ልጄ ቦርሳ ያወጣሁትን የጽሑፍ ማጥፊያ ቀብቼ ነጭ ምልክት አድርጌአለሁ። አባቴ በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጠው አፉላ የምትታወቅበትን የሱፍ አበባ ፍሬ ይፈለፍላሉ።

«ተበጥሷል እንዴ?» አሉኝ።

«አልተበጠሰም።»

«ድምፅ ያሰማል?»

«አያሰማም፣ አባባ።»

«ታዲያ ያልታመመውን ምን ብለህ ነው የምትቀደው?»

መልስ ያለኝ መስሎኝ ነበር። አገራችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ይባል የለ? እሳቸው ግን ይህን ተረት ከእኔ በፊት ያውቁታል፤ የጠየቁኝ ሌላ ነገር ነው። ገና ያልመጣን ነገር ፈርቶ ደኅናውን መንቀል፣ ነገን ከፈጣሪ እጅ ለመንጠቅ መሞከር አይደለም ወይ? ጥያቄው ይኼ ነበር። ለውዝ እንደሚበላ ሰው ተዝናንተው የጠየቁኝ ጥያቄ ሦስት ቀን አስተኝቶ አላስተኛኝም።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ሞተር ውስጥ ፒስተን ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ከራስጌው ቫልቮች ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ። ሁለቱ አንድ ጠባብ ቦታ ላይ በየተራ የሚገቡ ባላንጣዎች ናቸው። ፒስተኖቹን የሚያንቀሳቅሰው ክራንክሻፍት ሁለቴ ሲዞር ቫልቮቹን የሚከፍተው ካምሻፍት አንዴ ይዞራል፤ ይህን ተራ የሚያስጠብቀው ባለ ጥርስ የጎማ ቺንጋ ነው፤ ታይሚንግ ቤልት የሚሉት። በውስጡ የመስታወት ክር ተገምዶበታል። እሱ ከተበጠሰ፣ እንደ እኔው ባለ ሞተር፣ ፒስተኑ ወጥቶ የተከፈተውን ቫልቭ ይመታዋል። ቫልቩ ይጣመማል፣ የሞተሩ ራስ፣ ቴስታታው፣ ይወርዳል፣ ለአሮጌ መኪና ደግሞ ያ ማለት ቀብር ነው።

ክፋቱ አለማስጠንቀቁ ነው። ፍሬን ሲያልቅ ይጮኻል። ባትሪ ሲደክም ጠዋት ጠዋት ያቃስታል። ኩሽኔታ እንኳ ያጉረመርማል። ቺንጋው ግን ብዙውን ጊዜ እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ዝም ነው። ስለዚህ ሰው የሚያዳምጠው ሲያጣ ይቆጥራል፤ እንደ ሞተሩ ዓይነት 60,000፣ 100,000 ኪሎ ሜትር፣ አንዳንዱ ከዚያም በላይ፤ ካልሆነም ዓመት። የእኔዋ የኮሪያ ሥሪት፣ የ2008 ሞዴል ናት። የሸጠልኝ ሰው ቺንጋው መቼ እንደተለወጠ አያውቅም። ጋራዡ፣ እዚህ ሙሳክ የሚሉት፣ የጠየቀኝ ዋጋ በዛብኝ፤ ወታደር ሳለሁ የመኪና ጥገና ክፍል ነበርኩና ቺንጋውን፣ ወጣሪውንና የውሃ ፓምፑን ገዝቼ ራሴ ገባሁበት።

አባቴ ብረት ሠሪ ነበሩ። ወገራ ውስጥ፣ በወናፍና በመስፍ አጠገብ ነው ያደግሁት። ገበሬው ማረሻውን የሚያመጣው ዝናብ ሳይጥል ነበር፤ ሰኔ ገብቶ መሬቱ ላይ ከተሰበረበትማ ወቅቱ አመለጠው። በቀን ማረሻቸውን ያሳልን ሰዎች ማታ ቡዳ እያሉ በራችንን ይሸሹ እንደነበር አልረሳውም፤ ያ ሌላ ወሬ ነው። የማረሻውን ነገር አስታወስኳቸውና «እርስዎስ ሳይሰበር አልነበር የሚያበጁት?» አልኳቸው።

«ማረሻ ሲያልቅ በዓይን ይታያል» አሉ። «የአንተ ጎማ ምኑ ይታያል?»

እዚህ ላይ ረቱኝ። ላለመሸነፍ ኦሪት ጠቀስኩ። ዘዳግም 22 ላይ፣ አዲስ ቤት የሠራ ሰው በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዟል፤ ሰው ከዚያ ወድቆ ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን። ማንም ገና አልወደቀም፤ ቤቱም አዲስ ነው። እዚህ አገር ከመጣን በኋላ ከአንድ ረቢ እንደሰማሁት ደግሞ፣ ታልሙድ በሰንበት ክፍሉ ይህንን ሕግ ይዞ ወደ አስጨናቂ ቦታ ይሄዳል፦ የሚወድቀው ሰው ከስድስቱ የፍጥረት ቀናት ጀምሮ ለመውደቅ የተመደበ ነበር ይላል። ታዲያ መከታው ለምን? ክፉ ነገር በበደለኛ እጅ ይመጣልና፣ ያ እጅ የአንተ እንዳይሆን ነው። መውደቁ የፈጣሪ ጉዳይ ሊሆን ይችላል፤ ጣራው ግን ያንተ ነው።

አባቴ ታልሙድ አያውቁም፤ የቤተ እስራኤል አባቶቻችን ጎንደር ላይ አልነበራቸውም። ኦሪትን ግን በግዕዝ ከቄሱ አፍ እየሰሙ ነው ያረጁት። ፍሬውን መፈልፈል አቆሙና ስለ ወንድማቸው ነገሩኝ።

በ1984 በሱዳን በኩል ወደ ኢየሩሳሌም ከወጡት አንዱ ነበር። ከመንደሩ ሁሉ ጠንቃቃው እሱ ነበር። በሶውን ማን ይሸከም፣ ውሃው በስንት ቀን ይለቅ፣ አህያው የት ይሸጥ፣ ሁሉን አስቀድሞ የቆጠረ ሰው። በዚያ መንገድና በመጠለያ ካምፖቹ ውስጥ ያለቁት ቤተ እስራኤላውያን ወደ 4,000 እንደሚሆኑ ይነገራል፤ ኢየሩሳሌም ሄርዝል ተራራ ላይ መታሰቢያቸው ቆሟል። አጎቴ ከነሱ አንዱ ነው። ከእሱ ጋር የወጣና የአንድ ቀን ስንቅ እንኳ በወጉ ያልያዘ ጎረቤት ግን ደርሶ ልጆቹን እዚህ ዳረ።

«እሱ ሳይበጠስ ለውጦ ነበር» አሉ አባቴ፤ ሌላ አላሉም።

ይህ ንግግር ከነመከታዬ ጣለኝ። ከዚህ በኋላ ጥንቃቄ ነገን ይገዛል ብሎ መከራከር አይቻልም፤ በአጎቴ መቃብር ላይ እንደመቆም ነው፤ መቃብሩም የት እንዳለ አናውቅም። ግን ደግሞ ትልቋ ልጄ በየእሑዱ ጠዋት በዚህችው መኪና መንገድ 65ን ይዛ ወደ ሐዴራ ትወርዳለች። ሞተሩ በፍጥነት መሐል ቢሞት መሪው ይከብዳል፣ ፍሬኑ ይደነድናል፣ ከኋላ የጭነት መኪና አለ። የአጎቴ ታሪክ ቺንጋው ልጄን እንደማያድናት ሊያስረዳኝ ይችላል። አደጋውን ማወቄን ግን አይሽርልኝም። ለእሷ ያለብኝ ዕዳ ውጤቱን አይጠብቅም፤ አጎቴም ቢሆን ስንቁን የቆጠረው ልጆቹ እንዳይራቡ እንጂ ከፈጣሪ ጋር ውል ለመፈረም አልነበረም። አባቴ ይህን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ይስማሙ አይስማሙ አልገባኝም።

እያወራሁ አዲሱን ቺንጋ አጥልቄ ነበር። ወጣሪውን ለቀቅሁና ክራንክሻፍቱን በመፍቻ ሁለት ሙሉ ዙር በእጄ አዞርኩት። የታችኛው ነጭ ምልክት ቦታው ገባ። የላይኛው በአንድ ጥርስ ስቷል። አንድ ጥርስ! ቺንጋውን ሳጠልቅ የካምሻፍቱን ጥርስ ነክቼዋለሁ ማለት ነው፤ ወሬው ነው ያሳሳተኝ። ፈትቶ እንደገና ለመግጠም አርባ ደቂቃ ይበቃኛል። ወሩ ግን ኅዳር ነው፤ ፀሐይ አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ትገባለች።

«ሰንበት ደርሳለች» አሉ አባቴ። ወገራ ሳሉ ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ነበር ወናፉን የሚያቆሙት፤ እሳቱም ይጠፋል፣ የበሰለው ይበላል። ለቤተ እስራኤል ሰንበት ቀን ብቻ አይደለችም፤ በግዕዝ የተጻፈው «ትእዛዘ ሰንበት» እንደ ሰው ቆማ ስለ ነፍሳት ስትማልድ ያሳያታል። እንግዳ በር ላይ ቆማ መፍቻ ይዤ ልቆያት አልቻልኩም። ሞተሩን እንደተከፈተ ላስቲክ አለበስኩት፤ እጄን በላርጎ ታጥቤ ገባሁ።

በዕድሜዬ እንደዚያች ሰንበት የከበደኝ የለም። አንድ ጥርስ መሳቱን እያወቅሁ ሃያ አምስት ሰዓት እጅ አጣምሮ መቀመጥ! ከጸሎት በኋላ ኮረብታውን በእግሬ ወጣሁ። ጊቭዓት ሃሞሬ በመጽሐፈ መሳፍንት የተጻፈው የሞሬ ኮረብታ ነው፤ ምድያማውያን በሥሩ ሰፍረው ነበር። ጌዴዎን ደግሞ ማዶ፣ በጊልቦዓ ሥር፣ በሐሮድ ምንጭ። ሰውየው ጦር ከመግጠሙ በፊት ምልክት ለመነ፤ የበግ ጠጉር ዘርግቶ ጠጉሩ ብቻ ጤዛ እንዲይዝ። ያዘ። አላመነም፤ በማግስቱ ተገላቢጦሹን ጠየቀ፦ ጠጉሩ ይድረቅ፣ ምድሩ ይራስ። ሁለቴ! እኔም ምልክቴን ሁለት ዙር አዙሬ ነው ያየሁት፤ ብዙ ልፈርድበት አልችልም።

ከኮረብታው ወዲያ ዓይንዶር አለች። ሳኦል ፍልስጥኤማውያን ሱነም ላይ ሲሰፍሩ ፈርቶ፣ ልብሱን ለውጦ፣ በሌሊት ወደ መናፍስት ጠሪዋ የሄደባት። ሱነም ዛሬ ሱላም የምትባለው መንደር ናት፤ ከእኛ ሰፈር በእግር ይደረሳል። ንጉሡ የፈለገው ምን እንደሚያደርግ ማወቅ ነበር። የተነገረው ነገ የሚሆነው ነበር፤ በማግስቱ ጊልቦዓ ላይ ሞተ። ነገን ማወቁ አንዲት ጋሻ አልጨመረለትም። ሰፈራችን እንግዲህ እንዲህ ያለ ነው፤ በምልክት ለማኞች የተከበበ። ጌዴዎን ምልክቱን ካገኘ በኋላ ግን መሥራት ነበረበት፤ ያውም ከ32,000 ሰው በ300። ሳኦል ከሰማ በኋላ የሚሠራው ነገር አልቀረውም ነበር። እኔ ልዩነታቸው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ቅዳሜ ሦስት ከዋክብት እንደታዩ በእጅ ባትሪ ወረድኩ። አባቴ ሳልጠራቸው መጥተው ብርሃኑን ያዙልኝ። ፈታሁ፣ አስተካከልኩ፣ ወጠርኩ። ሁለት ዙር፤ ምልክቶቹ ገጠሙ። ሌላ ሁለት ዙር፤ ገጠሙ። ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ ሞተሩ ተነሣ፤ ድምፁ ከበፊቱ በምንም አይለይም።

አሮጌውን ቺንጋ መብራት ሥር አገላብጬ አየሁት። ስንጥቅ የለው፣ ጥርሱ አልተበላ፣ ዘይት አልነካው። ነገ ይበጠስ ነበር ወይስ ሌላ 50,000 ኪሎ ሜትር ይሄድ ነበር? አሁን የሚያውቅ የለም፤ በማውለቄ መልሱን አብሬ አውልቄዋለሁ። የተበጠሰበት ሰው ምስክር አለው፤ ሳይበጠስ የለወጠ ምስክር የለውም። አባቴ ተቀብለውኝ ወጠር አድርገው ሞከሩት።

«ደኅና ነው» አሉ። «ደኅና ነበር።» አልጣሉትም፤ በረንዳው ላይ የጤና አዳማቸውን ማሰሮ ከብረቱ ጋር አስረውበታል፤ እስከ ዛሬ አልተበጠሰም።

እናንተም ቤታችሁ ልትሞክሩት ካሰባችሁ፣ ዓርብ አትጀምሩ። የውሃ ፓምፑንም አብራችሁ ለውጡ። ሁለት ሙሉ ዙር በእጃችሁ ሳታዞሩ ደግሞ ቁልፉን እንዳትነኩት።