ቤት ሥራ ማስኮረጅ ቸርነት ነውን?

ተማሪ ሠርቶ የጨረሰውን የቤት ሥራ ጓደኛው መጥቶ «ስጠኝ፣ ልገልብጠው» ሲለው ቢሰጠው ቸር ነውን? ቢከለክለውስ ክፉ ነውን? ጥያቄው ተራ የዶርም ወሬ ይመስላል። ነገር ግን በየሳምንቱ በራችንን የሚያንኳኳው የሞራል ጥያቄ ይኸው ነው፤ ስለ ነፍስ ዘላለማዊነት ማታ መጥቶ የጠየቀን ሰው እስካሁን የለም። እኛ የቋንቋና የታሪክ ተማሪዎች ከስሌት ያመለጥን የሚመስለው ቢኖር ደግሞ የመጀመሪያውን ዓመት ረስቶታል። ኢኮኖሚክሱም፣ ለማኅበራዊ ሳይንስ የሚሰጠው ሒሳብም ይደርሰናል። በላይኛው አልጋ የአካውንቲንግ ተማሪ ይተኛል፤ ፊት ለፊቱ የስታቲስቲክስ። ሁሉም በአንድ አምፖል ሥር ይሠራል፤ በዚያው አምፖል ሥርም ይገለበጣል።

ብዙ ጊዜ የሚሰማው መከራከሪያ ከአገር ቤት የመጣ ነው። «ደቦ እኮ ነው!» ይባላል። ከመካነ ሰላም፣ ከከላላ፣ ከወግዲና ከሳይንት ለመጣን ልጆች ይህ ቃል ቀላል አይደለም። ከአባይ ሸለቆ በላይ ባለው ደጋ ገብስ በደረሰ ጊዜ ብቻውን የሚያጭድ ሰው ከመንደሩ የተጣላ መሆን አለበት። የለመነን ባዶ እጁን መመለስ ነውር ነው ተብለንም አድገናል። ታዲያ ጉልበት የማይነፈግበት አገር ልጅ አንድ ገጽ ወረቀት እንዴት ይነፍጋል?

እስቲ ወንፈሉን ራሱን እንመርምረው። ዛሬ በእኔ ማሳ፣ ነገ በአንተ ማሳ ነው። የሚበደረውም የሚመለሰውም ጉልበት ነው፤ ሁለት ሰው በአንድ ማሳ ላይ ጎንበስ ብሎ አብሮ ያልበዋል። ከጎረቤቱ ክምር ነዶ ተሸክሞ ሄዶ በራሱ አውድማ ላይ ከምሮ «አጨድኩ» የሚል ሰው ግን ወንፈል ገባ አይባልም። የእሱ ማሳ ሳይታጨድ እንደቆመ ነውና!

በዚህ ብቻ ኮራጁን ሰነፍ ብለን ልናሰናብተው ግን አንችልም። እንዲህ ብሎ መፍረድ ለጠገበ ሰው ይቀላል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ሲሰጥ፣ ከ100 ተፈታኝ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 ያህሉ ብቻ ነበር። ያ ሁሉ ተማሪ ሰነፍ ነበር ማለት አይቻልም። ከዚያ ወዲህ ብዙዎች የአቅም ማሻሻያ ወይም ሪሜዲያል በሚባለው ፕሮግራም በኩል አልፈው ገብተዋል። ቤተ ሙከራ ሳያይ ፊዚክስ የጨረሰ፣ በአጨዳ ወራት ከክፍል የሚቀር የነበረ ልጅ የዩኒቨርሲቲውን ጥያቄ ሲያይ ቢደነግጥና ደብተር ቢለምን፣ ልመናው ከችግር የመጣ ነው። ስለዚህ ችግሩ እውነት ነው። የሚያጠያይቀው የተሰጠው ምን እንደሆነ ነው።

አንድ የአካውንቲንግ ጥያቄ እንውሰድ። አንድ ድርጅት በ60,000 ብር ማሽን ገዛ፤ ማሽኑ 5 ዓመት ያገለግላል፤ በመጨረሻ በ6,000 ብር ይሸጣል ተብሎ ይገመታል። የየዓመቱ የእርጅና ቅናሽ ስንት ነው? መልሱ 10,800 ብር ነው። ገልባጩ 10,800 ብሎ ይጽፋል፤ ሙሉ ነጥብም ያገኛል። ለምን 6,000ው አስቀድሞ ተቀነሰ ብትሉት ዝም ይላል። የሚገርመው ይኸው ልጅ ነገሩን ከሁላችንም ይበልጥ የሚያውቀው መሆኑ ነው። አባቱ በሬ ገዝተው፣ ዓመታት አርሰውበት፣ ሲያረጅ ለሥጋ ሸጠውታል። የሥጋው ዋጋ ያ 6,000 ነው። በሬው በየዓመቱ ለእርሻው የሰጠው ደግሞ የቀረው ነው። ይህን ለማየት አጠገቡ የሚቀመጥና «በሬ ቢሆንስ?» ብሎ የሚጠይቀው ሰው ብቻ ነበር የሚያስፈልገው።

ይህ ግን ጊዜ ይፈጃል። ደብተር አውጥቶ አልጋ ላይ መወርወር ግማሽ ደቂቃ አይሞላም፤ ቁጭ ብሎ ማስረዳት ሁለት ሰዓት ይወስዳል፤ እንቅልፍ ይወስዳል፤ አንዳንዴም አስረጂው ራሱ እንዳልገባው ያጋልጠዋል። እንግዲህ ንፉጉ ማነው? ደብተሩን የወረወረው ሰው ጓደኛውን ረድቶ ሳይሆን ተገላግሎት ነው የተኛው፤ እንግዳን ከደጅ ቆሎ ዘግኖ አስጨብጦ እንደ መሸኘት። ዛሬማ ስልኩ ራሱ ጥያቄውን በቅጽበት ሠርቶ ይሰጣል፤ አይደክምም፤ አይሰለችም፤ ማንንም አይመልስም። ስልክን ቸር ብሎ ያመሰገነ ግን አልሰማንም።

«መምህሩ የሚፈልገው መልሱን ነው፤ መልሱ ይኸው» የሚልም አለ። ይህ የቤት ሥራን ጠባይ አለማወቅ ነው። መምህሩ 10,800ን ከእኛ በፊት ያውቀዋል። ጠያቂው የሚያውቀውን የሚጠይቅበት ሌላ ጨዋታ ከልጅነታችን እናውቃለን፤ እንቆቅልሽ ነው። «እንቆቅልህ» ሲባል «ምን አውቅልህ» ብሎ የሚያስብ ልጅ ይፈለጋል። ታላቅ እኅት መልሱን በጆሮው ብታንሾካሹክለት ማንም «አወቀ» አይለውም፤ ጨዋታው ተበላሸ ይባላል እንጂ። በቅኔ ቤትም እንዲሁ ነው። ተማሪው ከጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ መወድስ ሲወጣ፣ ለቅኔ ቆጠራ ብቻውን ይቀመጥና አዲስ ቅኔ ይዞ የኔታ ፊት ይቀርባል። ያቀረበውን የኔታ ሲነቅፉትና ሲያርሙት የሚቆመው ራሱ ነው። ደረሳውም ኪታቡን ሸኹ ፊት በራሱ አንደበት ነው የሚቀራው። በወሎ በሁለቱም ዓይነት ትምህርት ቤት መልስ ማለት አፍና ፊት ያለው ነገር ነበር፤ በወረቀት ብቻ ተልኮ የሚመጣ አልነበረም።

መምህራኖቻችንንም በነፃ አናሰናብታቸውም። ክፍሉ በተማሪ የተሞላ መሆኑን እናውቃለን፤ ሁሉን በአንደበት መስማት አይቻልም። ግን ያው ጥያቄ ከዓመት ዓመት ቁጥሩ እንኳ ሳይለወጥ ሲመጣ፣ መልሱ ከታላላቆቻችን እየወረደ እንደ ርስት ይወረሳል። ጥያቄው ራሱም ብዙ ጊዜ ባዕድ ነው። የመጽሐፉ የሂሳብ ዓመት ዲሴምበር 31 ይዘጋል፤ የእኛ መንግሥት በጀት ዓመት የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው፤ 31 ቀን ያለው ወር እንኳ የለንም! ስታቲስቲክሱ በካርታና በዳይ ያልቃል። ሆኖም ከዚያ ትምህርት ውስጥ ሲያስጨንቀን የሚያመሸው የቲ ፈተና የመጣው ከገብስ አገር ነው ቢባል ማን ያምናል? ዊልያም ጎሴት በደብሊን በጊነስ ቢራ ፋብሪካ ይሠራ ነበር። ጥቂት ናሙና ብቻ ይዞ ስለ ገብስና ስለ ቢራ ምን ያህል በእርግጠኝነት መናገር ይቻላል የሚለው አስቸገረው። መልሱን እ.ኤ.አ. በ1908 አሳተመው፤ በራሱ ስም ግን አልነበረም። የመረጠው የብዕር ስም «ተማሪ» የሚል ነው። ጎሴት የሚገለብጥበት ደብተር አልነበረም። ከመካነ ሰላም ዙሪያ ከደጋው ስድስት፣ ከወይና ደጋው ስድስት ማሳ ምርት መዝናችሁ አምጡና ልዩነቱን አስሉ ብንባል፣ እኛም የማን ደብተር እንለምናለን?

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ። «እዚያ ሲደርስ ኮራጁ ይለያል» ሲባል እንሰማለን። ይህን ክርክር አንወደውም፤ ፍርሃትን በሞራል ቦታ ያስቀምጣል። የሚያሳስበን ከፈተናው በኋላ ያለው ነው። ከእነዚህ አልጋዎች የሚነሣው ልጅ በአንዱ ወረዳ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ሂሳብ ያዥ ይሆናል። ማኅበርተኛው ማዳበሪያ የገዛበትን፣ እህል ያስረከበበትን ገንዘብ ይመዘግባል። እዚያ ጥያቄ የሚያወጣ መምህር የለም፤ መልሱን አስቀድሞ የሚያውቅም የለም።

ነገሩ ግን በዚህ አይቋጭም። ሌሊቱ ተጋምሶ፣ ወረቀቱ ጧት በ2 ሰዓት የሚሰበሰብ ሲሆን፣ ሁለት ሰዓት ቁጭ ብሎ ማስረዳት ከየት ይመጣል? የመጀመሪያውን መስመር ሠርቶ «ከዚህ ቀጥል» ማለት ይቻል ይሆናል። ጓደኛ ግን ይቀየማል፤ «ንፉግ» ብሎ ሰላምታ የሚነፍግም አለ። የበሬው ምሳሌም እንዲሁ ቀጥ ብሎ አይሄድም። ወይፈን ተገዝቶ እስኪጎለምስ ድረስ ዋጋው ይጨምራል እንጂ አይቀንስም፤ በየዓመቱ እኩል ቅነሱ የሚለው ስሌት እሱን አይገልጸውም። ስለ ግብርና የወጣው 41ኛው ዓለም አቀፍ የሂሳብ ደረጃ ለሕያው እንስሳ የገበያውን ዋጋ ተከተሉ ይላል። የአካውንቲንጉ ጎረቤታችን ይህን ሲሰማ ከላይኛው አልጋ ወርዶ ብርድ ልብሱን እንደተከናነበ ተቀመጠ፤ «ታዲያ የሚያርሰው በሬ ማሽን ነው ወይስ እህል?» አለ።