የብረት ዋጋ

አሮጌ ጠመንጃ ስንት ያወጣል? ነጋዴው በብር ይመልሳል፤ እኔ ግን ጥያቄው ወደ ሕሊናም ያልፋል እላለሁ።

አሪሳካ የተባለውን የጃፓን ጦር ጠመንጃ የሚሰበስቡ ሰዎች አስቀድመው የሚያዩት ጥይቱ ከሚጎርስበት ስፍራ አናት ላይ የተቀረጸውን ባለ 16 ቅጠል አበባ ነው። አበባው የንጉሠ ነገሥቱ ማኅተም ነበር። ጃፓን በ1945 እ.ኤ.አ. እጅ ስትሰጥ ከብዙዎቹ ላይ ተፋቀ። ገበያው ያልተፋቀውን ያስወድዳል፤ ሽንፈቱን የሚመሰክረው ግን የተፋቀው ነው።

ወደ አገራችን እንምጣ። በአምቦና በወሊሶ መካከል ባለችው ሐሮ ወንጪም ሆነ በሌላው ደጋ፣ የአያት ጠመንጃ ሲወረስ ክብሩም አብሮ ይወረሳል። ውጅግራ ከሆነ፣ በ1874 እ.ኤ.አ. የወጣ የፈረንሳይ ሥሪት፣ ጥይት አንድ በአንድ የሚጎርስ መሆኑን አዋቂ ከብረቱ ያነባል። በማን እጅ እንደነበረ ግን ብረቱ አይናገርም። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. እነ ገረሱ ዱኪ በዚያ አገር ጠላትን ሲወጉ፣ ጠመንጃ በአርበኛውም በባንዳውም ትከሻ ላይ ነበር።

እንግዲህ ወራሹ «አያቴ ስንት ገደለበት?» ከማለቱ በፊት «በማን ላይ ተኮሰበት? ስለ ምን?» ብሎ ይጠይቅ። መልሱ የሚያሳፍር ቢሆን እንኳ አይደብቀው፤ የተፋቀ ስፍራ ራሱ ይናገራልና።